ብቸኝነትና ሳቅ በትንሽ ከተማ፦ ከቼኾቭ፣ ከአንደርሰን፣ ከናራያንና ከሊኮክ ማንን ላስቀድም?

የትንሽ ከተማ ብቸኝነት የራሱ ጠባይ አለው። ሰው ሞልቷል። ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ለማን ደብዳቤ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። የሚጠፋው የሆድን የሚያጫውቱት ሰው ነው። ቀልዱም ከዚያው ይመጣል። ሁሉም ሁሉን ስለሚያይ አንድ መምህር ዣንጥላ ቢይዝ እንኳ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ላይ አጫጭር ልብ ወለድ የጻፉ ብዙ ናቸው። እኔ አራቱን መርጫለሁ፦ ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ፣ አሜሪካዊው ሸርውድ አንደርሰን፣ ህንዳዊው አር. ኬ. ናራያን እና ካናዳዊው ስቴፈን ሊኮክ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ከአራቱ የቱ ይበልጣል?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስኬድም። ለመምረጥ የሚረዳው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በታሪኩ ውስጥ ማን በማን ላይ ይስቃል? ቼኾቭ ዘንድ ከተማው በአንዱ ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ዞሮ ከተማው ላይ ያርፋል። አንደርሰን ዘንድ ማንም አይስቅም፤ ሰውየው ግን ሁሉም የሚስቁበት ይመስለዋል። ናራያን ዘንድ ሁሉም ይስቃል፣ ማንም ብዙ አይጎዳም። ሊኮክ ዘንድ የሚስቀው ተራኪው ነው፣ ያውም ከከተማው የወጣ ሰው። የሳቅ ምርጫችሁን ካወቃችሁ መጽሐፉን ማግኘት ቀላል ነው።

ቼኾቭ፦ ሳቁ ቀድሞ፣ ሕመሙ ዘግይቶ

ቼኾቭ በ1860 የተወለደው ታጋንሮግ በምትባል የአዞቭ ባሕር ወደብ ነው። አባቱ ባለ ሱቅ ነበር። ሲከስር ቤተሰቡ ወደ ሞስኮ ሸሸ፤ ልጁ ትምህርቱን ለመጨረስ ብቻውን እዚያው ቀረ። በኋላ ሞስኮ ገብቶ ሕክምና እየተማረ፣ ቤተሰቡን ለመርዳት በአንቶሻ ቼኾንቴ የብዕር ስም ለቀልድ መጽሔቶች ይጽፍ ነበር። ቀልድ የለመደው ለእንጀራ ነው ማለት ነው። ይህን ማወቅ ለምርጫ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሁለት ቼኾቭ አለ። የ1880ዎቹ መጀመሪያ ቼኾቭ አጭርና አስቂኝ ነው። የ1890ዎቹ ረዘም ይላል፣ ያዝናል፣ ቀልዱን ግን አልጣለም።

ከመጀመሪያው ቼኾቭ "እስስት"ን (1884) አንብቡ። የገበያ አደባባይ ነው። አንድ ወርቅ አንጥረኛ ጣቱን ቡችላ ነክሶት ይጮሃል። የፖሊስ ሹሙ ኦቹሜሎቭ መጥቶ ባለቤቱ ይቀጣ ይላል። ከሕዝቡ አንዱ "ይሄ እኮ የጄኔራሉ ውሻ ነው" ሲል ሹሙ ይገለበጣል፤ ጥፋተኛው ተነካሹ ይሆናል። "አይ፣ የጄኔራሉ አይደለም" ሲባል እንደገና ይገለበጣል። በዚህ ሁሉ መሃል ካፖርቱን ያወልቃል፣ ይለብሳል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ማንኛውም ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ኦቹሜሎቭን በአካል አግኝቶታል። ልብ በሉ፣ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ የሚስቀው በሹሙ አይደለም። በተነከሰው ሰውዬ ነው።

ከኋለኛው ቼኾቭ ደግሞ "ሽፋን ውስጥ የሚኖረው ሰው" (1898) ከሁሉም ይበልጥብኛል። ቤሊኮቭ የግሪክ ቋንቋ መምህር ነው። ጠራራ ፀሐይ ቢሆንም ጫማው ላይ የዝናብ ላስቲክ ደርቦ፣ ዣንጥላ ይዞ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ይወጣል። ዣንጥላው ሽፋን አለው፣ ሰዓቱ ሽፋን አለው፣ ሴንጢው እንኳ ሽፋን አለው። ምንም ነገር ሲፈቀድ "ኋላ ጣጣ እንዳያመጣ" ይላል። ከተማው በሙሉ ይህን ሰው ለ15 ዓመት ፈርቶታል። ሴቶቹ ቅዳሜ ማታ ቤታቸው ቴአትር ማሳየት ትተዋል፣ ቤሊኮቭ ይሰማል ብለው።

ከዚያ የከተማው ሰው ሥራ ስላጣ ሊድረው ይነሳል። ቫሬንካ የምትባል፣ ዕድሜዋ ወደ 30 የሚጠጋ፣ ዘፈንና ሳቅ የማይለያት ሴት ተገኝታለች። ነገሩ የሚበላሸው በብስክሌት ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ አይቶ ቤሊኮቭ ሊታመም ይደርሳል፤ ወንድሟን ሊመክር ሄዶ ከደረጃ ተገፍትሮ ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት ቫሬንካ ትገባለች፣ በራሱ የወደቀ መስሏት ከት ብላ ትስቃለች። ሳቋ ገዳይ ነው። የምር ማለቴ ነው። ከወር በኋላ ይቀብሩታል፤ በቀብሩ ቀን ይዘንብና ለቀስተኛው ሁሉ የእሱን ዓይነት የጫማ ላስቲክና ዣንጥላ ይዞ ይቆማል። ሰዉ በልቡ እፎይ ብሏል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ኑሮው ያው እንደ ድሮው ይሆናል። ቤሊኮቭ ነበር ወይስ እኛው ነን የፈራነው? ቼኾቭ አይመልስም።

ሦስተኛ ከፈለጋችሁ "ዮኒች" (1898) አለ። ኤስ በምትባል ከተማ "የተማሩ" የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ። አባት ሁሌም ያንኑ ቀልድ ይቀልዳል፣ እናት ለማሳተም የማታስበውን ልብ ወለዷን ለእንግዳ ታነባለች፣ ልጅቷ ፒያኖ ትደበድባለች። ወጣቱ ሐኪም ይወዳታል፤ እሷ ለቀልድ በሌሊት መካነ መቃብር ትቀጥረዋለች፣ እሱ የምሩን ይሄዳል። ዓመታት አልፈው ሲገናኙ የአባትየው ቀልድ ያው ነው፣ ሐኪሙ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ከቼኾቭ ውስጥ ይህን ለዝናባማ እሑድ አልመክረውም።

ብዙ ሰው ቼኾቭን የሚጀምረው ልጁ በሞተበት ባለ ጋሪ ታሪክ ነው፤ ሐዘኑን የሚነግረው ሰው አጥቶ ለፈረሱ የሚነግረው። ታላቅ ታሪክ ነው። ግን የሚሆነው በትልቁ ፒተርስበርግ ነው፤ የትንሽ ከተማን ነገር ለሚፈልግ አንባቢ በኋላ ይድረስ።

የቼኾቭ ችግሩ ስም ነው። አንዱ ሰው በአባቱ ስም፣ በቤተሰቡ ስምና በቁልምጫ ስለሚጠራ ሦስት ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ገጽ ላይ ስሞቹን በእርሳስ ጻፉ፣ ይቀላል።

አንደርሰን፦ ለመሳቅ አትክፈቱት

"ዋይንስበርግ፣ ኦሃዮ" በ1919 ታተመ። አንድ ከተማ፣ ከ20 በላይ ታሪኮች፣ እና በአብዛኞቹ ውስጥ የሚያልፍ ጆርጅ ዊላርድ የሚባል ወጣት የአካባቢ ጋዜጣ ዘጋቢ። ከተማዋ የተቀዳችው አንደርሰን ካደገባት ከክላይድ ነው። እሱ ራሱ በ1912 የቀለም ንግዱን ጥሎ የወጣ ሰው ነው፤ የማምለጥን ነገር ከመጽሐፍ አልተማረውም።

የከተማው ሰው ሁሉ ማታ ማታ ጆርጅን እየጎተተ ምስጢሩን ሊነግረው ይሞክራል። ገሚሱ ይነግረዋል፣ ገሚሱ ይጀምርና ያቅተዋል። "እጆች" ላይ ዊንግ ቢድልባውም አለ፤ እጆቹ ዕረፍት የላቸውም፣ በአንድ ቀን ለጉድ የሚበዛ እንጆሪ ለቅመው ከተማውን ያስደንቃሉ፣ እሱ ግን ኪሱ ውስጥ ሊደብቃቸው ይታገላል። ለምን እንደሚደብቃቸው ስታውቁ መጽሐፉን ትንሽ ታስቀምጡታላችሁ።

ሳቅ የለም ማለት ግን አይደለም። "እንግዳው" በሚለው ታሪክ ኤልመር ካውሊ የሚባል የባለ ሱቅ ልጅ አለ። በሽታው "ሰው ምን ይለኛል" ነው። ከተማው እንደሚስቅበት እርግጠኛ ነው፤ ጆርጅ ዊላርድንም የከተማው ሁሉ ተወካይ አድርጎ ጠምዶታል። ጆርጅ ደግሞ ስለዚህ ሁሉ አያውቅም፣ እንዲያውም ሊወዳጀው ይፈልጋል። ኤልመር "እኔ እንግዳ ፍጡር አይደለሁም" ብሎ ሊያስረዳ በሞከረ ቁጥር የባሰ እንግዳ ይሆናል። ያስቃል፤ ግን ጮክ ብላችሁ አትስቁም።

"ጀብዱ" ላይ ያለችው አሊስ ሂንድማን ሌላ ናት። ዕድሜዋ 27 ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ ከዓመታት በፊት "እመለሳለሁ" ብሎ ወደ ትልቅ ከተማ የሄደ ወንድ ትጠብቃለች። አንድ ማታ ዝናብ ሲወርድ ልብሷን አውልቃ ወደ ጎዳና ትሮጣለች። እንደ እሷ ብቸኛ የሆነ ሰው አግኝታ ማቀፍ ፈልጋለች። አንድ ሰው ያልፋል፣ ትጣራለች። ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ከበድ ያለ። "ምን? ምን አልሽ?" ይላል። አንባቢው መሳቅም ማልቀስም ያቅተዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብቸኝነትና ቀልድ እንዲህ የተጠጋጉበት ሌላ ቦታ የለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። "ብቸኝነት" የሚል ርዕስ ያለው ታሪክ አለ፤ ርዕሱን አይታችሁ እንዳትቸኩሉ፣ አብዛኛው የሚሆነው ኒውዮርክ ነው። ባለ አራት ክፍሉን የገበሬውን የጄሲ ቤንትሊን ታሪክ ደግሞ በመጀመሪያ ንባብ ዝለሉት፣ መጽሐፉን ያከብደዋል። መጽሐፉን በአንድ ቁጭታ መጨረስም አይመከርም። በተከታታይ ሲነበብ ይደብራል፤ አንድ ታሪክ በአንድ ማታ ይበቃል።

ናራያን፦ ለመጀመር ከሁሉም የሚቀለው

ናራያን በ1906 ማድራስ ተወለደ፣ በ2001 አረፈ። ማልጉዲ የምትባለውን ከተማ ከራሱ ፈጥሮ በ1935 በመጀመሪያ መጽሐፉ አስተዋወቃት፤ ያን መጽሐፍ አሳታሚ እንዲያገኝ የረዳው እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን ነው። ሚስቱ በ1939 በታይፎይድ ሞታበት ልጁን ያለ እናት አሳድጓል። ጽሑፉን ስታነቡ ግን ይህ ሐዘን በግልጽ አይታይም። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ይደራደራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይዋሻል። ብቸኝነቱ ከጭቅጭቁ ሥር ነው ያለው።

እንግሊዝኛው ንጹሕና ቀላል ነው። በህንድ መምህራን የተማሩ የእኛ አገር ሰዎች ድምፁን ወዲያው ያውቁታል፤ ያ ተረጋግቶ፣ ቃል ሳያባክን የሚያስረዳ መምህር።

"የማልጉዲ ቀናት" የተሰኘው ስብስብ መጀመሪያ በ1943 ወጣ፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው የ1982ቱ ሰፋ ያለ እትም ነው። ከእሱ ሦስት ልንገራችሁ።

"የኮከብ ቆጣሪው ቀን" ላይ ከሮቃ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ኮከብ ቆጣሪ አለ። የኮከብ ነገር እንደማያውቅ ተራኪው ቀድሞ ይነግረናል። አጠገቡ ኦቾሎኒ ሻጭ አለ፣ በየቀኑ ለኦቾሎኒው አዲስ ስም እያወጣ የሚጮህ። አንድ ማታ አንድ ኃይለኛ ደንበኛ ይመጣል፣ ኮከብ ቆጣሪው ፊቱን ሲያይ ይደነግጣል። የቀረውን ራሳችሁ ድረሱበት።

"የቀረው ደብዳቤ" የፖስተኛው የታናፓ ነው። ታናፓ ደብዳቤ አድርሶ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ስለ ይዘቱ ያወያያል። ራማኑጃም የሚባል አባት ልጁን ሊድር ሲሯሯጥ ታናፓ ሙሽራ ይጠቁማል፣ ቀኑን ያስታውሳል፣ ይመክራል። በመሃል ለቤተሰቡ ክፉ ወሬ የያዘ ፖስታ ይመጣል። የሰርጉ ቀን ደርሷል፣ ቢያልፍ ሌላ ቀን የለም። ታናፓ ምን ያድርግ? ሕጉ አንድ ነገር ይላል፣ ይሉኝታው ሌላ። እኔ ይህን ያነበብኩላቸው ሰዎች ሁሉ ተከራክረዋል፤ ገሚሱ ታናፓን ያመሰግናል፣ ገሚሱ ከሥራ ይባረር ይላል።

"የሞተር ጣጣ" ደግሞ ፈታ ለማለት ነው። አንድ ሰው በከተማው በተተከለ የመዝናኛ ትርኢት ላይ ዕጣ ይወጣለታል። ዕጣው የመንገድ መዳመጫ ሞተር ነው። ዕዳ ከሜዳ! ማቆሚያ የለው፣ ገዢ የለው፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቦታ ኪራይ ይጠይቃል፣ ለመጎተት የቤተ መቅደስ ዝሆን ይከራያል። ችግሩን የሚፈታው ማን እንደሆነ ቢነገራችሁም አታምኑም።

ከስብስቡ ውጪ ያለው "ፈረሱና ሁለቱ ፍየሎች" ግን ከሁሉም የላቀ ነው። በ1970 በዚሁ ስም በወጣ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሙኒ ሽማግሌ ነው፤ 40 በግና ፍየል የነበረው ሰው ዛሬ ሁለት ፍየል ቀርቶታል። ባለ ሱቁ በዱቤ እምቢ ብሎታል፣ ሚስቱ ቆጥታዋለች፣ ጎረቤቱን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ከመንደሩ ዳር ካለ የሸክላ ፈረስ ሐውልት ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ አንድ አሜሪካዊ መኪናው ነዳጅ ጨርሶ ይመጣል። አሜሪካዊው ታሚል አያውቅም፣ ሙኒ እንግሊዝኛ አያውቅም። ለረዥም ሰዓት ያወራሉ። አሜሪካዊው ሐውልቱን እየገዛ ይመስለዋል። ሙኒ ፍየሎቹን እየሸጠ ይመስለዋል። እያንዳንዱ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል፣ ማንም አያቋርጠውም፣ ማንም አይፈርድበትም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ቱሪስት በሚበዛበት ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ናራያን የሚያንሰው ምንድን ነው? ጥርስ። አንዳንዱ ታሪኩ ሊነክስ ደርሶ ይተወዋል። ቼኾቭን አስቀድሞ የለመደ ሰው "ታዲያስ?" ሊል ይችላል።

ሊኮክ፦ ከከተማው ለወጡ

ሊኮክ በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበር። በ1912 የወጣው መጽሐፉ (Sunshine Sketches of a Little Town) ማሪፖሳ ስለምትባል ከተማ ነው፤ የተቀዳችው እሱ የበጋ ቤት ከነበረባት ከኦሪሊያ፣ ኦንታሪዮ ነው። ከአራቱ በጣም የሚያስቀው እሱ ነው፣ ለማንበብም በጣም የሚከብደው እሱ ነው። ቀልዱ ያለው በተራኪው ድምፅ ውስጥ ነው፤ ትንሹን ነገር እንደ ታላቅ ጉዳይ አክብሮ ያወራል። ድምፁ ካልተሰማችሁ ምንም አያስቅም።

የመርከቧን ታሪክ አንብቡ። ከተማው በሙሉ ለሽርሽር ይሳፈራል፣ መርከቧ ትሰምጣለች። የሐይቁ ጥልቀት ግን ሁለት ሜትር አይሞላም። ከዳር የጀግና ሰዎች ጀልባ ሊያድናቸው ይመጣል፤ ጀልባዋ ራሷ ትሰምጥና አዳኞቹን ተሳፋሪዎቹ ያወጧቸዋል። ስለ ምርጫ የሚያወሩትን ምዕራፎች መዝለል ትችላላችሁ፤ የዘመኑን የካናዳ ፖለቲካ ካላወቃችሁ አይገቡም፣ አንዳንዱ ቀልድም ዛሬ አይጥምም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን እንዳትዘሉ። ከማሪፖሳ ወጥተው ትልቅ ከተማ ሀብታም የሆኑ ሰዎች ክበብ ውስጥ ተቀምጠው ወደ አገራቸው ስለሚሄደው ባቡር ያስባሉ። እስከዚያ ድረስ የሳቅንባቸው የማሪፖሳ ሰዎች ብቸኛ አልነበሩም። ብቸኛው የወጣው ነው። ዋሺንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል።

እና ምን ልያዝ?

እንግሊዝኛችሁ መካከለኛ ከሆነ ያለ ጥርጥር ናራያን። አጫጭር፣ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ነገር ለታክሲ ሰልፍ ከፈለጋችሁ የቀድሞው ቼኾቭ። ከትንሽ ከተማ ወጥታችሁ አሁንም የምትናደዱ ከሆነ አንደርሰን፤ ከወጣችሁ በኋላ የምትናፍቁ ከሆነ ሊኮክ። ስሜታችሁ ወርዶ ከሆነ አንደርሰንን ለጊዜው ተዉት። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም።

ገንዘብም ጉዳይ ነው። ቼኾቭ፣ አንደርሰንና ሊኮክ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ማዳመጥ የሚሻለው ሰው ሊብሪቮክስ ላይ ያገኛቸዋል፣ እሱም በነፃ ነው። በነፃ የሚገኘው የቼኾቭ እንግሊዝኛ በአብዛኛው የኮንስታንስ ጋርኔት ትርጉም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ቋንቋው ትንሽ አርጅቷል፣ ታሪኩን ግን አይጎዳም። ናራያን በነፃ የለም፤ መግዛት ወይም ከቤተ መጻሕፍት መዋስ ነው። ማንበብ ያልለመደ የቤተሰብ አባል ካላችሁ በ1986 የተጀመረው የሻንካር ናግ "የማልጉዲ ቀናት" የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ጥሩ መግቢያ ነው።

በቡድን ለምታነቡ ደግሞ አንድ ጥንድ ልጠቁም፦ የአንደርሰንን "ጀብዱ" እና የናራያንን "ፈረሱና ሁለቱ ፍየሎች"። በሁለቱም ውስጥ አንድ ብቸኛ ሰው ለማያውቀው መንገደኛ ይናገራል፣ መንገደኛውም አይሰማውም ወይም አይገባውም። አንዱ ላይ ይህ መዓት ነው፣ ሌላው ላይ ደስታ። ለምን? አሊስ መልስ ስለፈለገች፣ ሙኒ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ ብቻ ስለፈለገ ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል። "ጀብዱ"ን አስቀድሙ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ውይይቱ በዝምታ ያልቃል።